ሁለት ሰው «ይቁም» ካለ

ሁለት ዓመት የሥራ ዘመን ይባላል ወይ? ይህን ለመጻፍ ያመነታሁት በዚህ ምክንያት ነው። አሁን የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ዕድሜ ልካቸውን የሠሩ ሰዎች እያሉ የእኔ ምን ይወራል? ነገር ግን ጋሽ ማቴዎስን ሌላ ሰው እንዲያውቃቸው እፈልጋለሁ።

ፒያሳ ባለችው የጋሽ ማቴዎስ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት ሥራ በጀመርኩበት ቀን አንድ አረንጓዴ ቦርድ መዳፌ ላይ አስቀመጡ።

«ይህ የምን ይመስልሻል?»

«የቴሌቪዥን?»

«የስኳር ፋብሪካ ተርባይን ነው። ቴሌቪዥን ሲበላሽ ሰው ይናደዳል። ይህ ሲበላሽ ሰው ይሞታል።»

በእንፋሎት የሚሽከረከረው ተርባይን ከልክ በላይ ከፈጠነ እንፋሎቱን የሚያስዘጉት እንዲህ ያሉ ሦስት ቦርዶች ናቸው። ሁለቱ ከተስማሙ ማሽኑ ይቆማል። አንዱ ብቻውን ምንም አያደርግም።

ጋሽ ማቴዎስ ይህንኑ የቤቱ ደንብ አድርገውታል። የተጠገነውን ቦርድ በያጁ እሳቸው፣ ፈታሿ አስቴርና ተለማማጇ እኔ በየተራ እናየዋለን። ሁለት ሰው «ይቁም» ካለ አይወጣም።

አስቴር ትቀልድብኝ ነበር። «እጅሽ የማይንቀጠቀጠው ምሳ ስትበዪ ብቻ ነው» ትለኛለች። ከዚያ ግን ክንዴን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ መበየጃ አያያዝ ታሳየኛለች።

በሁለተኛው ክረምት ጋሽ ማቴዎስ በመነጽራቸው ላይ አጉሊ መነጽር መደረብ ጀመሩ። አስቴር መብራቱን ወደ እሳቸው ታዞራለች። ዓይናቸው መድከሙን እኔም አየሁ።

አንድ ቀን የፋብሪካው ሾፌር በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ፣ እሳቸው የበየዱትን ቦርድ አየሁ። ከሽቦ እግሮቹ አንዷ ላይ ቀልጦ የሚያጣብቀው ሊድ ተቆልሏል እንጂ አልያዘም።

«ይቁም» አልኩ።

«እኔ ስፈትሸው ይሠራል» አለች አስቴር ቀና ሳትል። «ይለፍ።»

ጋሽ ማቴዎስ ቦርዱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ከዚያ በወረንጦ ጫፍ እግሯን ነካ አደረጓት። ተነቃነቀች።

«አስቴርዬ፣ አይተሻል አይደል?»

«አይቻለሁ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ?»

«እርስዎን እንዴት አድርጌ…»

«ተርባይኑ አጠገብ የሚቆመው ልጅ እኔን አያውቀኝም» አሉ በቀስታ። ወደ እኔ ዞሩ። «ይቁም። ሁለት ሆንን።»

መበየጃውን አንስተው እጀታውን ወደ እኔ አዞሩ። «ያዢ። አጠገብሽ ነኝ።»

እሳቸው እየነገሩኝ በየድኩት። አስቴር እንደገና ፈተሸችው፤ ሦስታችንም «ይለፍ» አልን። ሾፌሩ ይዞት ሄደ። ከዚያ በኋላ ጋሽ ማቴዎስ ወንበራቸውን በመካከላችን አድርገው አስተማሪ ብቻ ሆኑ።

ከዚያ ሥራ የተማርኩት የምንወደውን ሰው ሥራም መፈተሽ እንዳለብን ነው።

ያ ጋሽ ማቴዎስ መበየጃቸውን ያስረከቡኝ ቀን የጳጉሜን የመጨረሻ ቀን ነበር፤ በማግስቱ አዲስ ዓመት ገባ።