ፊቱ የሞላ ዕለት

በደርግ ዘመን ናዝሬት ውስጥ ቦርጭ ማውጣት ድፍረት ይጠይቅ ነበር። አባቴ ግን ከአርሲ ነገሌ እህል እያስጫነ ሲነግድ ያወጣው ቦርጭ ነበረው። የቀበሌ ስብሰባ ላይ «የከበርቴው ሆድ መጣ!» እያሉ ይቀልዱበታል፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል። እናቴ አትስቅም። የባሏ ቦርጭ የእጇ ሥራ ስለሆነ ማንም እንዲነካባት አትፈልግም።

አንድ ቀን አባቴ ቀኝ ጎኔን ከበደኝ አለና ሐኪም ቤት ይዤው ሄድኩ። ያኔ አስተማሪ ስለነበርኩ ሐኪሙ የሚለውን እንድሰማለት ፈልጎ ነው። ሐኪሙ ሆዱን ጫን ጫን እያደረገ ብዙ ቆየ።

«መጠጥ ይወስዳሉ?»

«አስተግፊሩላህ! ቀምሼም አላውቅ።»

«ጉበትዎ አብጧል፤ ስብ ሳይዘው አይቀርም። ሳይጠጡም ይመጣል። ስኳርም ደም ግፊትም አለብዎት። እነዚህ ሲገጣጠሙ ኩላሊትም አይተርፍም። ክብደት ይቀንሱ፣ ጨውና ቅባት ይተዉ፣ በየጊዜው እየመጡ ሽንትዎን ያስመርምሩ።»

ቤት ስንደርስ እናቴን ያስደነገጣት በሽታው ሳይሆን ስሙ ነው። በእኛ ሰፈር ጉበት የሰካራም በሽታ ነበር። «መስጊድ ደጃፍ ምን ይሉናል?» አለች። ስለዚህ ጨጓራ ነው ተባለ። ሰፈርተኛው ሁሉ የጨጓራ መድኃኒት ይዞ ይመጣ ጀመር፤ አባቴም ሐኪም ቤት የሚያውቀው ሰው እንዳያየው ፈርቶ ለምርመራ ሳይመለስ ቀረ።

ቅባቱን ግን እውነትም ተወ። ቦርጩ ጠፋ፣ ጉንጩ ጎደለ። ገበያ ላይ ያየው ሰው ሁሉ ከንፈሩን ይመጥለታል፤ እናቴም ተደብቃ ታለቅሳለች። እኔ ብቻ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከወራት በኋላ አንድ ጠዋት ፊቱ ሞልቶ ተነሳ። ዓይኑ ሥር እንኳ ሳይቀር ሞልቷል። እናቴ እልል ብላ ጎረቤት ጠራች። «ማሻአላህ፣ ወዙ ተመለሰ!» ተባለ። በግ ታረደ፣ ለምስጋና ሰደቃ ተደገሰ።

እንግዶቹ ሳይገቡ አባቴ ውዱእ ሲያደርግ በማንቆርቆሪያ ውሃ አፈስለት ነበር። እግሩን ሲያሽ አውራ ጣቱ ያረፈበት ቦታ እንደ ሊጥ ሰርጉዶ ቀረ። እስኪመለስ ጠበቅኩ፤ አልተመለሰም።

«አባባ፣ ይሄ ውፍረት አይደለም፣ እብጠት ነው። አሁኑኑ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«አውቃለሁ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሽንቴም አረፋ መድፈቅ ከጀመረ ቆይቷል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከንም?»

ወደ ጓሮ ተመለከተ። እናቴ ከጎረቤቶቿ ጋር ወጥ እያማሰለች ትስቃለች። «ዛሬን ተያት» አለኝ። «ከሳቀች ስንት ጊዜዋ ነው!»

እንግዶቹ እየገቡ ፊቱን እያዩ አላህን አመሰገኑ። እሱም ለእያንዳንዳቸው «አሚን» አለ። ምግቡን ግን አልነካውም።

በማግሥቱ ወሰድኩት። ሐኪሙ የደሙንና የሽንቱን ውጤት ካየ በኋላ እኔን ብቻዬን ወደ ውጭ ጠራኝ። ኩላሊቱ አብቅቶለታል አለኝ። የኩላሊትን ሥራ የሚተካ ማሽን እንዳለ ያኔ ነው የሰማሁት፤ እኛ ግን የምንደርስበት አልነበረም።

ክረምቱ ሳይወጣ ቀበርነው። ለቅሶ የመጣው ሁሉ እናቴን ሲያጽናና «እንዴት አምሮበት ነበር እኮ፣ ምን ነካው?» ይላታል። እሷም «በጣም አምሮበት ነበር» እያለች ታለቅሳለች። እስክትሞት ድረስ እንዲህ ስትል ኖረች፤ እኔም አላረምኳትም።