ከአንደኛው ቅጽ ጀምር

የዚያን የአስፈሪ ታሪኮች ጸሐፊ መጻሕፍት ሊዋስ የሚመጣ ሰው «በየትኛው ልጀምር?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ አሁን አሁን አጠገቤ ወደምትቀመጠው ባልደረባዬ እልከዋለሁ። ድሮ ግን ጠያቂ ይጥፋ እንጂ አፌን ሞልቼ የምመልሰው እኔ ነበርኩ። ሃያ ሁለት ዓመት የቤተ መጻሕፍት ማዋሻ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ፣ ሰውን ዝም በሉ ከማለትና ይህን አንብቡ ከማለት ሌላ ምን ሙያ አለኝ?

ጸሐፊው ከሞተ ሰባ ዓመት አልፎታል። አንባቢዎቹ «የምድር ቤቱ ሰውዬ» ይሉታል፤ ምድር ቤት የሌለበት ታሪክ ጽፎ ስለማያውቅ ነው። ሠላሳ አንድ ታሪክ፣ በሦስት ቅጽ። የመጀመሪያዎቹ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ እንቅልፍ ያስወስዳሉ። አንድ ቤት ለመግለጽ ስድስት ገጽ ይፈጃል፤ በሩ እስኪከፈት አንባቢው ይሸብታል። እኔ ግን ሁሉንም በተራ ነው ያነበብኩት፤ ሌላውም እንደኔ ካልተሰቃየ ያነበበ አይመስለኝም ነበር።

የማወራችሁ ስለ ጠራዣችን ነው። ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጦ የተቀደደውን የሚጠግን፣ የተገነጠለውን የሚሰፋ ሰው ነው። በአሥር ዓመት ስለሚበልጠኝ «ጋሼ» እለዋለሁ፤ ሌላው ሁሉ «ሙጫው» ነው የሚለው፣ ጣቶቹ ከሙጫ ጠርተው ስለማያውቁ። በእጁ ያላለፈ መጽሐፍ የለም፤ አንብቦ የጨረሰው ግን አንድም አልነበረም። ትምህርቱን ያቋረጠው ከአራተኛ ክፍል ነው። ሲያነብ ጣቱን ከመስመሩ በታች እያስኬደ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነው። «እኔ የመጽሐፍ ሐኪም ነኝ» ይል ነበር፤ «ሐኪም በሽተኛውን ያክማል እንጂ ወሬውን አይጠይቅም።»

ያሳደጉት ታላቅ እህቱ ናቸው። እናታቸው ሲሞቱ እሱ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር፣ እሳቸው አሥራ ስምንት። «እትዬ» ይላቸዋል። እትዬ ልብስ እየሰፉ፣ ሳያገቡ ሳይወልዱ እሱን አሳደጉ፤ እሱም ትቷቸው አልሄደም፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ቤት ውስጥ አብረው አረጁ። እትዬ አንድ አመል ነበራቸው፤ ያንን የምድር ቤት ሰውዬ ማንበብ። የስፌት መኪናውን ያቆሙና ያነባሉ፤ ሌላው ሰው ፀጉሩ የሚቆምበት ቦታ ሲደርሱ እሳቸው ከት ብለው ይስቃሉ። ጋሼ ይህ ነገር ዕድሜውን ሙሉ ሲገርመው ኖሯል።

ከዚያ ታመሙ። ሆስፒታል ተኝተው ቆይተው፣ ሐኪሞቹ «ከእንግዲህ ቤት ይሁኑ» አሉ። ምን ማለት እንደሆነ ጋሼ ገባው፤ እትዬ ከሱ ቀድመው ገብቷቸዋል። በሦስተኛው ቀን ጋሼ ከጠባቧ ክፍሉ ወጥቶ ጠረጴዛዬ ፊት እንደ ደንበኛ ቆመ።

«እህቴ፣ መጽሐፍ ልዋስ ነው» አለኝ።

«አንተ? ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?»

አልሳቀም። «እትዬ ለመነችኝ። ‹ኮቴ› የሚባል የዚያ ሰውዬ ታሪክ አለ፣ አንብበው አለችኝ። አንቺው ንገሪኛ ብላት፣ ‹ከነገርኩህማ ምኑን ፈራኸው? ራስህ አንብበህ ና፤ ዕድሜ ልኬን ብቻዬን ፈርቼ ፈርቼ ሰለቸኝ› አለችኝ። የሷን መጽሐፍ አንዷ ደንበኛዋ ተውሳ እንደወጣች ቀረች። በየት ልጀምር?»

ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው! «ኮቴ» ያለው ሦስተኛው ቅጽ መጨረሻ ላይ ነው። ቅጹ ከኋላዬ መደርደሪያ ላይ ቆሟል፤ እጄን ብዘረጋ እደርስበታለሁ። እኔ ግን አዋቂነቴ ተነሣብኝ።

«በጭራሽ!» አልኩት። «እሱን መጀመሪያ የሚያነብ ሰው የለም። የፊተኞቹን ሳታነብ ብትዘል ጣዕሙ አይገባህም። ከአንደኛው ቅጽ ጀምር፣ በተራው ትደርስበታለህ።»

ሌላ ሰው ቢሆን «ሂጂ ወዲያ» ብሎኝ የፈለገውን ይወስድ ነበር። ነገሩ ግን ከጋሼ ሙያ ጋር ገጠመ። ጠራዥ አሥራ ስድስት አሥራ ስድስት ገጽ እየሆኑ የታጠፉትን ወረቀቶች በተራ ደርድሮ ነው አንድ በአንድ ክር የሚያሳልፍባቸው፤ አንዱን እጥፍ ከዘለለ ሁሉንም ፈትቶ እንደገና ይሰፋል። «ልክ ነሽ፣ መዝለል ጥሩ አይደለም» አለኝና አንደኛውን ቅጽ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሄደ።

ያንን ወፍራም መጽሐፍ በምሳ ሰዓት ይገፋዋል፤ ቤት ሲገባ ደግሞ እትዬ አጠገብ ተቀምጦ ይገፋዋል። «የት ደረስክ?» ስለው፣ «በሩ ጋ ነኝ፤ ገና አልተከፈተም» ይለኛል። እንስቃለን። እትዬ በየቀኑ «ደረስክባት?» ይሉታል፤ እሱም «እየመጣሁ ነው እትዬ» ይላቸዋል።

አንደኛው ቅጽ ስድስት ሳምንት ወሰደበት። ሊመልሰው ሲመጣ አንገቱ ቀጥኖ፣ የሸሚዙ ኮሌታ ሰፍቶታል።

«እህቴ፣ እየደከመችብኝ ነው። አሁን ብዘል ምን ይመስልሻል?»

«እዚህ ድረስ ደክመህ? አንድ ቅጽ እኮ ነው የቀረህ» አልኩት። ይህን ነው ያልኩት፤ አልዋሽም።

ያውም ሁለተኛው ቅጽ አልነበረም፤ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ወስዶ የመመለሻ ቀኑን አሳልፏል። በየቀኑ እየደወልኩ ተጨቃጨቅሁ። «ሰው ታሞ እየጠበቀ ነው፣ ኧረ በፈጠረህ!» አልኩት። ሹፌሩ በአሥራ አንደኛው ቀን አመጣው። ጋሼና እኔ ሁለተኛውን ቅጽ በር በሩን እያየን ስንጠብቅ፣ ሦስተኛው አሥራ አንዱንም ቀን ከጀርባዬ ቆሞ ነበር። ጉድ እኮ ነው! አንዳችንም ዘወር ብለን አላየነውም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብርቱካን ይዤ እትዬን ልጠይቅ ሄድኩ። የስፌት መኪናቸው በነጠላ ጨርቅ ተሸፍኗል፤ የልብስ መለኪያው ሜትር የአልጋው ራስጌ ላይ ተንጠልጥሏል። እትዬ ቆዳና አጥንት ሆነዋል፤ ዓይናቸው ግን አሁንም ተንኮለኛ ነው።

«መጽሐፍ ቤቱ ነው የምትሠሪው?» አሉኝ። «እስኪ አንቺ ፍረጂን። አንዲት ታሪክ አንብብልኝ ብለው፣ ይሄው ሁለት ወር ሙሉ ስለ ቤት ጣሪያ ያነባል! ለመሆኑ ከመጀመሪያው ጀምር ያለው የትኛው ጅል ነው?»

ፊቴ ጋለ። ጋሼ ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ወደ መሬት አየ።

«እኔው ነኝ እትዬ» አለ። «ታውቂኝ የለ፣ መዝለል አልወድም።»

«ድሮም ግትር ነህ» አሉትና እጁን ይዘው፣ አውራ ጣቱ ላይ የደረቀውን ሙጫ በጥፍራቸው ይልጡለት ጀመር። እኔ ብርቱካኑን መላጥ ያዝኩ። ሌላ የሚሠራ ነገር አጣሁ።

ድንገት እትዬ እጃቸውን አቆሙ። ዓይናቸው በሩ ላይ ቀረ።

«ይሰማሃል?»

«ምኑ እትዬ?»

«ደረጃው ላይ። እየወጣ ነው።»

ጋሼ ጆሮውን ጣል አደረገ። «ምንም የለም። ጎረቤት ይሆናል። አይዞሽ፣ ትንሽ ጋደም በይ።» ወደኔ ዞሮ በለሆሳስ፣ «ሰሞኑን እንዲህ ነው የምትለኝ» አለ። እትዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

እኔ ክው አልኩ። «ኮቴ»ን አንብቤዋለኋ! አንዲት ሴት በየቀኑ በደረጃው ላይ የሚወጣ የእግር ድምፅ ትሰማለች፤ በቀን አንድ ደረጃ ብቻ ነው የሚወጣው። ከሷ በቀር ማንም አይሰማውም። ወንድሟን በየቀኑ «ይሰማሃል?» ትለዋለች፤ እሱም በየቀኑ «ምንም የለም» ይላታል። መጨረሻ ላይ ምን እንደሚል አውቃለሁ። እዚያው ብርቱካን እየላጥኩ አንድ ቃል ብተነፍስ ኖሮ ይበቃ ነበር። ምን ብዬ ዝም እንዳልኩ ታውቃላችሁ? ታሪኩን እንዳላበላሽበት! በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ የማንንም ታሪክ መጨረሻ ቀድሜ ተናግሬ አላውቅም፤ ኩራቴ ይህ ነበር። አፈር ያስበላኝ፣ በዚህ ስኮራ ኖሬያለሁ።

ጋሼ ሲሸኘኝ ደረጃው ላይ ቆም አልኩና፣ «ጋሼ፣ የቀረውን ተወው፣ ዝለል። ነገ ዝግ ነን እንጂ ሰኞ በጠዋት ሦስተኛውን እሰጥሃለሁ» አልኩት።

«እውነትሽን ነው? ብዘል ችግር የለውም?» ፊቱ በራ። «እሰይ! ሰኞ ማታ እነግራታለሁ በቃ።»

ሰኞ ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። ሦስተኛውን ቅጽ «ኮቴ» ያለበት ገጽ ላይ ወረቀት አድርጌ፣ በጋሼ ጠረጴዛ ላይ በሙጫው ጣሳና በወስፌው መካከል አስቀመጥኩለት። ጋሼ አልመጣም። እትዬ እሁድ ረፋዱ ላይ አርፈዋል።

በአሥረኛው ቀን ሥራ ገባ። «እግዜር ያጥናህ» አልኩት፤ ራሱን ነቀነቀልኝና ወደ ክፍሉ አለፈ። ተከትዬው በሩ ላይ ቆምኩ። መጽሐፉን አየው። ካፖርቱን ሳያወልቅ፣ ሳይቀመጥ፣ ወረቀት ያደረግኩበት ቦታ ገልጦ ጣቱን ከመስመሩ በታች እያስኬደ ማንበብ ጀመረ። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም። ሲጨርስ ወደ መጀመሪያው ተመለሰና፣ ጠራዦች እንደሚያደርጉት፣ ወረቀቶቹን በአውራ ጣቱ እየለቀቀ ቆጠራቸው።

«ስምንት ገጽ ናት» አለኝ።

ገብቼ አጠገቡ ቆምኩ።

«እኔ እኮ ትልቅ መስላኝ። ከሁለት ወር በላይ ስጓዝላት… ስምንት ገጽ። አንድ እጥፍ አትሞላም።»

የመጨረሻውን መስመር በጣቱ እየተከተለ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። «‹እኔም ይሰማኛል› አላት ወንድሟ። ያን ቀን አልፈራችም።» ጣቱን ከገጹ ላይ አላነሣም። «ይችን እንድልላት ነበር የላከችኝ። ሁለት ቃል። ስትጠይቀኝ፣ ስትጠይቀኝ፣ ጎረቤት ነው እላታለሁ። እሁድም ጠየቀችኝ እኮ። ጎረቤት ነው አልኳት።»

ቀና ብሎ አየኝ።

«አንቺ አንብበሻታል?»

«አዎ።»

«ያን ቅዳሜ፣ እቤት ስትመጪ… ታውቂያት ነበር?»

ልዋሸው አሰብኩ። እሱ ለእኔ ሲል እህቱን ዋሽቷቸዋል።

«አዎ ጋሼ።»

ቢጮኽብኝ፣ ከክፍሉ ቢያባርረኝ በወደድኩ። መጽሐፉን ዘጋ፤ ሽፋኑን በእጅጌው ጠረግ ጠረግ አደረገና ሰጠኝ። «በይ ቦታው መልሽው፤ የሚፈልገው ሰው ይኖራል» አለኝ። ከዚያ ካፖርቱን አውልቆ ተቀመጠ፤ በአሥሩ ቀን ጣሳው ውስጥ የደረቀውን ሙጫ በወስፌ መፋቅ ጀመረ።