የዚነት እብጠት ጉዞ እንዳይጀምር

ሮቢት አጠገብ የጎሊና ወንዝ ደራሽ ጎርፍ ሲያመጣ፣ ውሃውን ወደየማሽላው የሚያዞረው አብዱሰመድ ነው። የውሃ አባት ይሉታል። አንዴ ሲጣራ ቆቦ ገበያ የተኛ ግመል ይነሳል፤ ሁለቴ ከተጣራ የጎብዬ ሰው ነገሩን ሳይጠይቅ አካፋውን ያነሳል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ለምን እንደሚንቀሳቀስ የሚያውቅ ይመስለው ነበር። በሁለት ሺህ አምስት ነሐሴ ላይ ግን የሚስቱ የዚነት ጡት ውስጥ ሽምብራ የምታህል እብጠት ተገኘችና እውቀቱን ሁሉ ጎርፍ ወሰደው።

ደሴ ያዩዋት ሐኪም፣ "ካንሰር ነው። ገና ከቦታው የተነሳ አይመስልም። ማክሰኞ ኑና በቀዶ ጥገና እናውጣው፤ ከዘገያችሁ ወደ ብብት ይሄዳል" አሉ።

አብዱሰመድ "ካንሰር" የሚለውን እንደምንም ዋጠው። ያልተዋጠለት "ይሄዳል" የሚለው ነበር።

"በምን እግሩ ነው የሚሄደው?" ብሎ ሐሙስ ዕለት የወንድሙን ልጅ ፈሪሀን ያዛት። ፈሪሀ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ትማራለች፤ ለክረምት እረፍት መጥታ ነበር።

"እግር የለውም፣ አጎቴ። ሰውነታችን በዓይን ከማይታዩ ሴሎች የተሠራ ነው። በየሴሉ ውስጥ ደግሞ ሚቶኮንድሪያ የሚባሉ አሉ፤ ምግቡን ወደ ጉልበት የሚለውጡ።"

"ስንት ይሆናሉ?"

"አንዱ ሴል ውስጥ ብቻ ብዙ መቶ ሊሆኑ ይችላሉ።"

"ወላሂ እኔ ዚነትን ሳገባ ብቻዋን መስላኝ ነው!"

ፈሪሀ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ቀጠለች። "የካንሰር ሴል ሊነሳ ሲል ሚቶኮንድሪያዎቹ ብዙ ጊዜ ወደሚሄድበት አቅጣጫ፣ ወደ ፊተኛው ጠርዙ ይሰበሰባሉ። እዚያ ጉልበት ሲያቀብሉት ጠርዙ ወደፊት ይለጠጣል፤ የጎረቤቱን አጥር ጥሶ ይገባል።"

የአብዱሰመድ ዓይን በራ። ይሄማ የራሱ ሥራ ነው! ደራሽ ሲመጣ እሱም ሰውን ሁሉ ቦዩ አፍ ላይ ነው የሚሰበስበው። እንግዲህ እነዚያ ሚቶኮን ምናምኖች አካፋ የያዙ ሰዎች ናቸው። ምሳ ካልበሉ፣ ካልተነቃነቁ፣ ማን ሊቆፍር ነው?

አርብ ጠዋት አዋጁ ወጣ። ዚነት ከአልጋ አትወርድም። እንጀራዋ ሩብ ነው። ማስነጠስ ካማራት አስቀድማ ታስፈቅዳለች። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ማክሰኞ ደሴ አይኬድም፤ በዚያ ሁሉ ጥምዝምዝ መንገድ ስትናጥ የተኛው ሁሉ ነቅቶ ቢሰለፍስ?

ልትጠይቃት የመጣችው ጎረቤታቸው ወሰንየለሽ ሩቧን እንጀራ አየችና፣ "አብዱ፣ እሷን ስታስርባት በሽታው አብሮ መራቡን በምን አወቅክ? ቀድሟት እየበላ ቢሆንስ?" አለችው።

ይሄን አላሰበውም ነበር። ግራ ገባው። ግራ ሲገባው ደግሞ አዋጅ ይጨምራል፤ ቅዳሜ በጎን መተኛትም ተከለከለ።

ፈሪሀ ስትሰማ እንባዋ መጣ። "እኔ እንደዛ አላልኩም፣ አጎቴ! እሷ ስለተራበች አይቆሙም፤ በመኪና ስለሄደችም አይነሱም። እነሱን የሚያስቆም ነገር ተመራማሪዎችም ገና እየፈለጉ ነው።"

"እነሱ ካጡት እኮ ነው እኔ የምሞክረው!"

እሁድ ከሰዓት ዚነት አልጋዋ ላይ ቀና ብላ ተቀመጠች።

"አንተ ሰውዬ፣ አምና የጎረቤታችን የከበደ ማሳ ጋ፣ እርከኑ ላይ ጣት የሚያህል ቀዳዳ ውሃ ሲያፈስ ያየህ ጊዜ ምን አደረግህ?"

"ደፈንኩት።"

"ውሃው ጉልበቱን ከየት እንዳመጣ ጠይቀህ ነበር?"

"መች ጊዜ ነበረኝ!"

"እኔስ አለኝ?"

አብዱሰመድ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ለማንም ያልተናገረው ነገር ነበረው፤ ደሴ ሄዳ እዚያው ብትቀርበትስ? ከሐኪሙ ቢላ ይልቅ እነዚያን የማይታዩትን ማዘዝ ቀሎት ነበር።

"ከፈራህ ፈራሁ በል" አለችው።

"ፈራሁ።"

"አብሽር። አሁን እንጀራ አምጣልኝ፤ ሙሉውን።"

ሰኞ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈሩ። አብዱሰመድ ሾፌሩን "በቀስታ፣ የኔ ወንድም፣ እንዳይነቁ" እያለ ሲለምነው ወልድያ ሳይደርሱ ሁለት የአህያ ጋሪና በእግሩ የሚሄድ አንድ የሠርግ ሰልፍ ቀደሟቸው። ተሳፋሪው "እነማን ናቸው የማይነቁት?" እያለ መቀመጫው ሥር ይፈልግ ጀመር። ያም ሆኖ ደረሱ፤ ማክሰኞም ሐኪሙ እብጠቷን አወጡት።

ውጤቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣ። ሐኪሙ ወረቀቱን አንብበው፣ "ብብት አልደረሰም። ቀሪ ሕክምናና ክትትል ይኖራል፤ በጊዜ መምጣታችሁ ግን ረድቷታል" አሉ።

"አልሀምዱሊላህ!" አብዱሰመድ ሁለት ጊዜ ተነስቶ ሦስት ጊዜ ተቀመጠ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ዶክተር፣ ለመሆኑ ሲያወጡት… ፊታቸውን ወዴት አዙረው ተሰልፈው ነበር?" አለ።

ሐኪሙ አጠገባቸው የቆመችውን ነርስ አዩ። ነርሷ ሐኪሙን አየች።

ዚነት የባሏን እጅጌ ይዛ ወደ በሩ ጎተተችው። "ና እንሂድ። እኒህንም ግራ አጋብተህ ቀጠሮዬን ሊረሱት ነው።"