የሰኞው ሾፌር

አቶ ወልደ ሥላሴ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በቤታቸው መኪና የተቀመጡት ከሾፌሩ ጎን ነበር። እሳቸው መንገዱን ይናገራሉ፣ ባለቤታቸው ጽጌ ትነዳለች። እ.ኤ.አ. በ2008 መጋቢት ላይ ጽጌ አረፈች፤ መኪናውም ዩለስ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ባለው አፓርትመንታቸው ፊት ለፊት ቆመ። ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራውን ከመጥረግ በቀር አልነኩትም።

ሥራቸው ኤርፖርት አውሮፕላን ማጽዳት ነው። በመኪና አሥር ደቂቃ፣ በእግር ግን የማይታሰብ፣ አውቶቡስም የሌለው መንገድ ነው። እሳቸውንና አባይነሽ የምትባል ባልደረባቸውን የምታደርሳቸው እዚያው የምትሠራ ጎረቤታቸው ስርጉት ነበረች። በጥቅምት መጀመሪያ የስርጉት ፈረቃ ከእነሱ ተለይቶ ወደ ጠዋት ተለወጠ፤ ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ ልታደርሳቸው አትችልም።

አቶ ወልደ ሥላሴ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ሁለቴ ወድቀዋል። ሁለቴም መኪናውን በሁለት እንጨቶች መሃል ሲያቆሙ እንጨቱን ገጭተው ነው። ሦስተኛው ፈተና ዓርብ ነው። ከወደቁ ወረቀቱ ሁሉ እንደ አዲስ ይጀመራል፤ ሥራው ደግሞ እስከዚያ አይጠብቃቸውም።

ነገሩ ስርጉትን ግራ አጋባት። ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ ሁለት የቆሻሻ በርሜል አቁማ በራሷ መኪና ስታለማምዳቸው አንድም ቀን አልነኩም። ሰኞ ወደ ሥራ ስትወስዳቸው መኪናዋ ውስጥ ጠየቀቻቸው።

“ጋሼ፣ እኔ ጋ ፓርክ ሲያደርጉ ምንም አይነኩም። ፈተናው ላይ ምን ይሆናሉ?”

አሰቡና እውነቱን ነገሯት። ፈታኟ ገብታ ስትቀመጥ፣ ጨዋ ሰው እንደሚያደርገው፣ አስቀድመው ይቅርታ ይጠይቃሉ። እንግሊዝኛቸው አጭር ስለሆነ ይቅርታውም አጭር ነው፦ ጥሩ ሾፌር አይደለሁም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

“ሁለቴም እንዲህ አሏት?”

“ታዲያ ምን ልበል? ጎበዝ ነኝ ልበል?”

አባይነሽ ከኋላ ሳቀች። “ጋሼ ንስሐ ገብተው ነው ለካ የሚነዱት።”

ስርጉት አልሳቀችም። “ታዲያ እንደዚያ ካሉ በኋላ እጅዎ ራሱ እንጨቱን ይፈልገዋል” አለች።

በማግስቱ እረፍት ላይ አቶ ወልደ ሥላሴ አንድ ወሬ ሰሙ። ስርጉት ከሰኞ ጀምሮ እሳቸው እንደሚነዱ ለሥራ አለቃቸው ነግራለች። አባይነሽም ላደርስሽ ያላትን ሌላ ሰው፣ ሾፌር አለኝ ብላ አሰናብታዋለች። ተቆጡ። አባይነሽን ጠርተው ሌላ ሰው እንድትፈልግ ነገሯት።

“ሌላ ሰው አልፈልግም” አለች። “ሰኞ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ፣ እኛ ግቢ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ባለው በር እጠብቅዎታለሁ።”

ከዚያ ወዲያ የሚያስፈራቸው መውደቁ ሳይሆን አባይነሽን በር ላይ አቁሞ መቅረቱ ሆነ። ረቡዕ ጠዋት ከስርጉት ጋር እስከዚያ በር ነድተው የት እንደሚቆሙ አዩ። ሐሙስ ደግሞ ከራሳቸው መኪና የኋላ ወንበር ላይ ሰባት ወር ማንሳት ያቃታቸውን የጽጌን ካርቶኖች አንድ በአንድ ወደ ቤት አስገቡ። ስርጉት ላግዝዎ ብላ ነበር፤ አይሆንም አሏት።

ዓርብ ያቺው ፈታኝ መጣች። ይቅርታው አፋቸው ላይ ደርሶ ነበር። ዋጡትና በምትኩ፣ ሰኞ ባልደረባዬን ሥራ አደርሳለሁ አሏት። ሴትዮዋ ከወረቀቷ ቀና ሳትል ቀበቶዎን ይሰሩ አለቻቸው።

እንጨቶቹ ዘንድ ሲደርሱ መስተዋቶቹን አንድ በአንድ አዩ። መኪናው ወደ ኋላ ገባ፤ ትንሽ ተንጋደደ እንጂ ምንም አልነካም። ማለፊያው ሰባ ነበር፤ ሰባ ሦስት አገኙ። የተቀነሰባቸው በዝግታ በመንዳታቸው ነው።

ሰኞ ሀያ ደቂቃ ቀድመው በሩ ላይ ደረሱ። ትልቁ መንገድ ላይ ከኋላ ጥሩምባ የነፋባቸው ብዙ ነው፤ አባይነሽ ግን ስልኳን ትነካካ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ ሸዋረገድ የምትባል የጽዳት ሠራተኛ መጥታ አመሰገነቻቸው። ከነገ ጀምሮ አብራቸው እንደምትሄድ አባይነሽ ነግራታለች፤ እሳቸው ገና መስማታቸው ነው። የትኛው በር ላይ እንደምትቆም ጠየቋት።