ጉሙ የሸፈነው ማሳ

ሶሬቲ በየጠዋቱ ፎቶ ቤቱን ስትከፍት መጀመሪያ የምታደርገው በረዶ የለበሰውን ተራራ መወልወል ነው። ቀበና ድልድይ አጠገብ ባለው በአቶ ተክሌ ፎቶ ቤት፣ ሰዎች ጀርባቸውን ሰጥተው ከሚነሱበት ትልቅ ሸራ ላይ የተሳለው ተራራ በሰው ራስ ቁመት ልክ እየወየበ ይሄዳል። የፀጉር ቅባት ነው። በሳሙና በራሰ ጨርቅ አሽታ ነጩን ስትመልሰው ወንበሮቹን ትደረድራለች።

ሸራዎቹን የምትስለው እሷው ናት። ይህን ተራራ የገለበጠችው ከስዊዘርላንድ የቀን መቁጠሪያ ነበር። የማታ ሥዕል ያስተማራት መምህር በዚህ ይስቅባት ነበር። "አውሮፓ ውስጥ እኮ በሥዕል መሬት ለብዙ ዘመን ከቅዱሳን ጀርባ ቆሞ ኖሯል" ይላታል። "ሆላንዶች ናቸው ሜዳና ሰማዩን ብቻውን ስለው በየሳሎናቸው የሰቀሉት። ቻይኖች ግን ከእነሱ ስንት መቶ ዓመት ቀድመው ተራራን ለራሱ ብለው ስለዋል። የኛ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ደግሞ ከቅዱሱ ኋላ ቢጫ ቀብቶ፣ ከእግሩ ሥር አንድ ዛፍ ካቆመ በቃው። አንቺስ የማንን አገር ነው የምትስዪው?"

በ1999 ዓ.ም. ክረምቱ እንደወጣ አቶ ተክሌ ከማተሚያ ቤት የተጠቀለለ የፕላስቲክ ናሙና ይዘው መጡ። ፏፏቴ አለው፣ ዘንባባ አለው።

"አይላጥ፣ አይወይብ። ሰው አሁን የሚፈልገው ይኼን ነው፣ ሶሬቲ።"

"አንድ የመጨረሻ ልሞክር፣ ጋሽ ተክሌ።"

"እሺ፣ አንድ። ቅዳሜ ቀድመው የሚመጡት ሰዎች ከተነሱበት ይቆያል። ካልተነሱበት ግን ብሩሽሽን ሰብስቢ።"

ሶሬቲ ሌላ ሙያ አልነበራትም። የቀን መቁጠሪያውን ትታ ከየካ ሚካኤል በላይ ያለውን ዳገት፣ መታረሱ ቀርቶ ቤት ሳይሠራበት በፊት እንደነበረው ሳለችው። ወንዙ፣ ጥዶቹ፣ የአባቷ የሂርጳ ገብስ፣ ዳር ዳሩን የፈነዳው አደይ፣ ሁሉም ያለ ችግር እጇ ላይ መጣ። ያስጨነቃት አንድ ቦታ ብቻ ነበር። በአባቷና በጎረቤታቸው በኢቲቻ ማሳ መካከል ያለው ቁራጭ መሬት ሁለቱን ሰዎች ማሳውን ለቤት የሚደለድለው ዶዘር እስኪመጣ ድረስ ሲያካስሳቸው ኖሯል፤ ዛሬም ሰላም አይባባሉም። ገብስ ብታደርገው የአባቷ፣ ባቄላ ብታደርገው የኢቲቻ ይሆናል። መንገድ ሊሠሩ የመጡ ቻይኖች ከሰጧት ሥዕል ላይ፣ ተራራው መሐል ባዶ የተተወው ነጭ ጉም መሆኑ ትዝ አላት። እሷም ቁራጩን በጉም ሸፈነችው።

ቅዳሜ በሩን ቀድመው የገቡት ራሳቸው ኢቲቻ ነበሩ። ባለቤታቸው ዲንቄና ልጃቸው ኤጀታ ተከትለዋቸዋል። ቤተሰቡ በየኮንዶሚኒየሙ ሊበታተን ስለሆነ አብረው ፎቶ ሊነሱ ነው የመጡት።

"የኛ ዳገት አይደል እንዴ!" አሉ ዲንቄ። "አባ ኤጀታ፣ ወንዙን እዩት እስቲ!"

ኢቲቻ ተጠግተው ጉሙን በከዘራቸው ጫፍ ነካ አደረጉት።

"እዚህ ጋ የነበረው ማሳዬስ?"

"ጉም ነው፣ አባባ።"

"አደዩን ስለሻል። በመስከረም፣ ባቄላዬ በሚያብብበት ወር፣ ከየት የመጣ ጉም ነው?"

ኤጀታ ሳቁን ለቀቀው። "ሂርጳ በክስ ያጣውን ልጁ በጉም ወሰደችው!"

"ዝም በል፣ አንተ!" አሉት እናቱ።

አቶ ተክሌ ጥግ ላይ የቆመውን ጥቅል ፕላስቲክ አዩ። "ካልወደዳችሁት ፏፏቴም አለን" አሉ።

ሶሬቲ ብሩሿን አነሳች። "ድንበሩን ያሳዩኝ፣ አባባ፤ አሁኑኑ እስለዋለሁ።" አባቷ ይህን ሲሰማ ቤት እንደማያስገባት ታውቃለች።

ኢቲቻ ከዘራቸውን ዘረጉ። ዲንቄ ከዘራውን ገፋ አደረጉት።

"ወዲያ ነው እንጂ። የድንበሩ ድንጋይ ግራሩ ሥር አልነበረም?"

"የቱ ግራር? ግራሩን የተከልኩት እኔ!"

"እኔ ነኝ ውሃ ያጠጣሁት!"

ባልና ሚስት ሲከራከሩ ከሶሬቲ ብሩሽ አረንጓዴ ቀለም ወለሉ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። በመጨረሻ ኢቲቻ አንዱን ወንበር ጎትተው ልክ ጉሙ ፊት አኖሩና ጋቢያቸውን ግራና ቀኝ ዘርግተው ተቀመጡ።

"ተይው፣ አትሳይው። ተቀምጬበታለሁ። በል ተክሌ፣ አንሳን።"

አቶ ተክሌ አነሷቸው። ኢቲቻ ሲወጡ ወደ ሶሬቲ ዞሩ።

"አንድ ቅጂ ለአባትሽ ውሰጂለት። የት እንደተቀመጥኩ ይይልኝ።"

አቶ ተክሌ ፕላስቲኩን ወደ ጓዳ አስገቡት። ሶሬቲ ግን ደስታው አልመጣላትም፤ ፎቶውን ለአባቷ ማድረስ ነበረባት።

ማክሰኞ ማታ ሰጠችው። ሂርጳ ፎቶውን ወደ መብራቱ አስጠግቶ ብዙ አየው። አልተቆጣም። ፎቶ ቤቱ በስንት ሰዓት እንደሚከፈት ብቻ ጠየቃት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለት ወንድሞቹን አስከትሎ መጣ፤ ወንበሩንም ራሱ ተሸክሞ ጉሙ ፊት አስቀመጠው።