ቡሽራ ለፎልደሮቹ ያወጣላቸው ስም

ቡሽራ ሐረር አዲሱ ከተማ ውስጥ፣ ከአንድ ፎቶ ቤት በላይ ባለች ሁለት ጠረጴዛ በምትይዝ ክፍል፣ ከየሺ ጋር ድረ ገጽ ይሠራ ነበር። በሙያው የሚታማ አልነበረም። አንድ ጠባይ ግን ነበረበት፤ ያናደደውን ሰው ፊት ለፊት ምንም አይለውም። ንዴቱን ወስዶ በላቲን ፊደል የፎልደር ስም ያደርገዋል።

ደንበኛ አንድን ነገር ሦስት ጊዜ ካስቀየረው ፎልደሩ «እንደገና-ደግሞ» ይባላል። ስልክ እየደወለ ካስቸገረው «ይኸው-ደወለ»። የሺ ይህን ስታይ ራሷን ያማታል። አባቷ ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት የሠሩ ሰው ስለነበሩ፣ ቤታቸው የመብራት ደረሰኝ እንኳ በየዓመቱ ተለይቶ ነው የሚቀመጠው።

«የፎልደር ስም ውስጡ ያለውን ነው መናገር ያለበት» ትለዋለች።

«እኔ ውስጡ ያለውን አውቀዋለሁ።»

«ነገ ብትታመምስ?»

«እኔ ከታመምኩ አንቺም ዕረፊ።»

በ2009 ዓ.ም. አዴ ዘይነባ መጡ። ጊደር መጋላ ገበያ ትልቅ የቤት ዕቃ መደብር ያላቸው ሴት ናቸው። ጅጅጋም ሆነ ድሬ ያለ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ዕቃቸውን እያየ እንዲያዝ ይፈልጋሉ። ቡሽራ ደስ ብሎት ጀመረ። በሳምንቱ ትሪዎቹ ከድስቶቹ በፊት ይሁኑ አሉ፤ በሁለተኛው ሳምንት ድስቶቹ ይቅደሙ አሉ፤ ከዚያ ፔርሙሱ ለብቻው ይውጣ ተባለ። ወንድማቸው ሐጂ ሙሜ ደግሞ መደብሩ ደጃፍ ላይ ከመቀመጥ በቀር ሌላ ሥራ የላቸውም፤ ፎቶዬ ይግባ ብለው ሙጭጭ አሉ። ቡሽራ ሁሉንም «እሺ፣ ኢንሻአላህ» ብሎ ሸኛቸው። ዕቃዎቹ የተደረደሩበት ፎልደር «ዘይነባ-ንትርክ»፣ ስለ መደብሩ የሚናገረው «ሙሜን-ማን-ጠየቀው» ሆኖ ቀረ።

ቀድሞ በሚሠራባቸው የድረ ገጽ መሥሪያ ፍሬምወርኮች ይህ ጉዳት አልነበረውም፤ ስሙን ከእሱና ከየሺ በቀር የሚያየው የለም። በዚህኛው ሥራ የያዘው አዲስ ፍሬምወርክ ግን የፎልደሩን ስም እንዳለ ወስዶ ማንም የሚያየው የገጹ አድራሻ ያደርገዋል። ቡሽራ ይህን ያውቃል። «ሳላስረክብ እቀይረዋለሁ» እያለ ሰነበተ። የማስረከቢያው ቀን መብራት ጠፍቶ ዋለ፤ ከሰዓት በኋላ መብራቱና አዴ ዘይነባ ከነወንድማቸው እኩል መጡ።

ትሪዎቹ ስክሪኑ ላይ ሲያብለጨልጩ አዴ ዘይነባ «ማሻአላህ!» አሉ። ሐጂ ሙሜ ግን ማንኛውንም ጽሑፍ ከአናቱ ጀምረው የሚያነቡ ሰው ናቸው።

«ከላይ በኩል ያለው ምን ይላል?»

አዴ ዘይነባ ጎንበስ አሉ። የላቲኑን ፊደል አንድ በአንድ ለቀሙት። «ዘይ... ነባ... ንት... ርክ።» ቀና አሉ። «ንትርክ?»

የሺ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ኔትዎርክ ማለት ነው አዴ» አለ ቡሽራ። «የዘይነባ ኔትዎርክ። ሲያጥር እንደዚህ ይጻፋል።»

«ሱብሃነላህ! ኔትዎርክ ሲያጥር ንትርክ ይሆናል?»

«በኮምፒውተር... አዎ።»

በዚሁ ሊያልፍለት ይችል ነበር። ሐጂ ሙሜ ግን «የእኔ ፎቶ የታለ?» ብለው ማውሱን ያዙና «ስለ እኛ» የሚለውን ተጫኑ። ፎቶው ፈገግ እንዳለ ወጣ፤ ከበላዩ «ሙሜን-ማን-ጠየቀው» የሚል አድራሻ አለ። ይህንን በምንም ቢያሳጥሩት ሌላ ነገር አይሆንም።

ሐጂ ሙሜ ሁለት ጊዜ አነበቡት። «እውነቱን ነው» አሉ ቅር ብሏቸው። «ማንም አልጠየቀኝም።»

 ቡሽራ «አፉ በሉኝ» አለ። አዴ ዘይነባ ቦርሳቸውን አነሱና «ነገ ጠዋት መደብር ና» ብለውት ወጡ።

በማግስቱ ከፈረስ መጋላ እስከ ጊደር መጋላ ይቅርታውን እየተለማመደ በእግሩ ወረደ። አዴ ዘይነባ ሰላምታውን ተቀብለው ቀጥታ ወደ ጓዳው መጋዘን አስገቡት። ካርቶኖቹ እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ «ሲኒ ትልቅ»፣ «ሲኒ ትንሽ»፣ «የድስት ክዳን» ተብሎ በማርከር ተጽፏል። ጥግ ላይ ምንም ያልተጻፈባቸው የሚመስሉ ሁለት ካርቶኖች ነበሩ።

«እስቲ እነዚያን አዙራቸው» አሉት።

አዞራቸው። አንዱ «የሪሃና ጭቅጭቅ» ይላል፤ ሪሃና የምትባል ደንበኛ እያዘዘች የመለሰችው ሰሃን ነው። ሌላው «ሙሜ የገዛው፣ አላህ ይገላግለኝ» ይላል።

ቡሽራ ሳቁን መያዝ አቃተው። እሳቸውም ሳቁ።

«እኔም እንዳንተው ነኝ ልጄ። ግን ጽሑፉን ወደ ግድግዳ አዞረዋለሁ። አንተ አደባባይ ላይ ለጠፍከው!»

ቡሽራና የሺ ሁለት ቀን ሙሉ ስም ሲቀይሩ ዋሉ። «ዕቃዎች»፣ «ትዕዛዝ»፣ «ስለ-መደብሩ» እያሉ። አንዱን ሲቀይሩ ሌላው ገጽ በድሮ ስሙ እየፈለገ ያጣዋል፤ ስክሪኑ በቀይ ጽሑፍ ይሞላል። ከመካከላቸው «እንደገና-ደግሞ» የሚባል አንድ ፎልደር ሲከፍቱ ደግሞ ምን እንደሆነ ራሱ ቡሽራም አላወቀው። የሺ ከስክሪኑ ዞራ አየችው።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ሐጂ ሙሜ ደወሉ። «ፎቶዬ ጠፋ!» ለካ በማስረከቢያው ዕለት ማታ፣ ቅር ቢላቸውም፣ የድሮውን ሊንክ ጅዳ ላሉ ዘመዶቻቸው በሙሉ ልከውታል። ቡሽራ በድሮው አድራሻ የሚመጣ ሁሉ ወደ አዲሱ እንዲያልፍ አድርጎ ሠራላቸው።

«ተስተካክሏል ሐጂ። አዲሱን ስምም ይላኩላቸው።»

«አልልክም» አሉ። «የድሮው ይሻላል፤ ሰው ይስቅበታል። ወላሂ፣ በዓመት አንዴ የማይደውሉት ሁሉ ደወሉልኝ።»

በዓመቱ አዴ ዘይነባ ለልጃቸው ሱቅ ሌላ ድረ ገጽ ሊያሠሩ ተመለሱ። ሥራው ሳይጀመር የፎልደሮቹ ስም በወረቀት ይቅረብልኝ አሉ። ቡሽራ ጻፈ፣ የሺ አረመች። አዴ ዘይነባ ዝርዝሩን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡና የመጨረሻው ላይ ቆሙ።

«ልዩ-ልዩ? ይሄ ምንድን ነው?»

«ቦታ ያጣ ነገር የሚገባበት ነው አዴ።»

«እኔ ዘንድ ቦታ ያጣ ነገር የለም» አሉና እስክሪብቶ ተቀብለው ሰረዙት።