የቲዎሪያችን መርዶ

ቅዳሜ ቅዳሜ ቦሌ መንገድ ላይ ባለች አንዲት ካፌ፣ ፎቁ ላይ፣ ከጥጉ ጠረጴዛ፣ ጡረታ ከወጡት የፊዚክስ መምህሬ ጋር እቀመጥ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩኝ ናቸው። ከሥራችን ሌላ የሚያገናኘን ነገር አልነበረም፤ ሥራችን ደግሞ ለሰው ሲነገር የሚያስቅ ዓይነት ነው። የተፈጥሮን ኃይሎች አንድ የሚያደርግ ቲዎሪ እንፈልጋለን። በዙሪያችን ያሉት ጠረጴዛዎች መሬት ይሸጣሉ፣ መኪና ያስመጣሉ፣ ሚዜ ይመርጣሉ። እኛ ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ ስለ ፕሮቶን እንጨቃጨቃለን። አስተናጋጇ አባትና ልጅ እንመስላታለን፤ «ለአባትሽ ውሃ ላምጣላቸው?» ትለኛለች። አርሜያት አላውቅም።

የምኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ብቻዬን ነው። በሳምንቱ ውስጥ አንድ ኮሌጅ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ስለዚህ አልናገርም ማለት አይደለም፤ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ እናገራለሁ። ግን ማስተማርና መጫወት ለየቅል ናቸው። የሥራ ባልደረቦቼ ድሮ ድሮ «ይሄ ነገር ለአገር ምን ይጠቅማል?» ይሉኝ ነበር። እኔም «የእናንተ ሐሜት ለአገር ምን ጠቀመ?» እላለሁ። እንዲህ እያልኩ ምሳ አብሮኝ የሚበላ ሰው ጨረስኩ። እናቴ ደብረ ብርሃን ሆና በስልክ «ያ የምትፈልጉት ነገር ተገኘ?» ትለኛለች። «ገና ነው እማዬ» ስላት፣ «በሉ እግዜር ያገናኛችሁ» ትላለች፣ የጠፋ በሬ የምንፈልግ ይመስል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስበትን ከእኛ ይበልጥ ለሚደፍሩ ትተን፣ ሦስት ኃይሎች ይዘን ነበር። አንዱ ኤሌክትሪክንና ማግኔትን የሚያንቀሳቅሰው ነው፤ ሁለተኛው የአቶምን እምብርት ጨምድዶ የሚይዘው፤ ሦስተኛው አንዳንድ አቶሞችን ቀስ በቀስ የሚያፈርሰው ደካማው። ጉልበታቸው ለየቅል ነው። ዓለም ስትጀምር ወደነበረው ከባድ ሙቀት በስሌት ወደኋላ ስንጓዝ ግን ልዩነታቸው እየጠበበ፣ እየጠበበ ይመጣል። ቢገናኙ ድሮ አንድ ነበሩ ማለት ነው። ችግሩ ለጥቂት ይተላለፋሉ። መምህሬ ማንም አይቷቸው የማያውቅ አዳዲስ ቅንጣቶች ጨመሩ፤ እኔ ስሌቱን ሠራሁ፤ የሦስቱ ኃይሎች መስመሮች አንዲት ነጥብ ላይ ገጠሙ። የዚያን ቀን እሳቸው ካፌው መሀል ተነስተው አጨበጨቡ። ሙሽራ የገባ መስሎት ዘወር ያለ ሰው ነበር።

ለአንድነቱ ግን ዋጋ ይከፈላል። ሦስቱ ኃይሎች አንድ ከነበሩ የአቶም እምብርት የተሠራበት ፕሮቶን ዘላለም አይኖርም፤ አንድ ቀን ይሞታል። በውጭ አገር ከተራራ ሥር ግዙፍ የውሃ ጋን ቀብረው፣ በውስጡ ካሉት ስፍር ቁጥር የሌላቸው ፕሮቶኖች አንዱ ሲሞት ለማየት ዓመታት የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። እስካሁን የሞተ አላዩም። ስለዚህ የእኛ ቲዎሪ ፕሮቶኑን ይግደለው፣ ግን በጣም አዘግይቶ ይግደለው። ይህን የሚያደርግልን አንድ ሕግ አስገብተን ነበር፤ ፕሮቶኑን እንደ አጥር ዙሪያውን የሚጠብቅ። ሁሉም ነገር በዚያ ሕግ ላይ የቆመ ነበር።

ክረምት ላይ ኮሌጁ ሲዘጋ፣ ዝናቡም ከቤት አላስወጣ ሲለኝ፣ የስሌቱን ሁለተኛ ደረጃ፣ ይበልጥ የረቀቀውን፣ ልፈትሽ ተቀመጥኩ። ሕጉ ፈረሰ። በሌላ መንገድ ዞሬ ሠራሁት፤ አሁንም ፈረሰ። የእኛ ፕሮቶን የሚሞተው በጣም ፈጥኖ ነው፤ ያ ቲዎሪ እውነት ቢሆን ኖሮ ተራራው ሥር ያሉት ሰዎች ገና ወንበራቸው ሳይሞቅ ባዩት ነበር። እንዲህ ያለ ስህተት አይጠገንም። አዘንኩ ከማለት ፈራሁ ማለት ይቀለኛል። የፈራሁት ደግሞ ለሳይንስ አልነበረም። ቲዎሪው ከሞተ ቅዳሜ ቦሌ የሚያስኬደኝ ምንድን ነው? በዚህ ከተማ የማወራው የሚገባቸው እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውን የሚያመጣልኝ ደግሞ ቲዎሪው ነው። ስለዚህ ሆዴ ይፍጀው አልኩ።

መስከረም ጠባ፣ ቅዳሜያችን ቀጠለ። ወደ ሁለተኛው ደረጃ የሚወስድ ወሬ በተነሳ ቁጥር እኔ ወደ መጀመሪያው እመልሰዋለሁ። የሚገርመው፣ እሳቸውም እምቢ አይሉም። «እሱን እንኳ ሌላ ጊዜ እናየዋለን» ይላሉ፤ ከዚያ የተሠራውን እንደገና እንሠራለን። እርጅና ነው አልኩ። ያለቀለት ነገር ላይ እንዲህ ሲደክሙ ማየት ከበደኝ፤ ግን ቅዳሜ ሲደርስ ከሁሉ ቀድሜ ካፌው ደጃፍ የምገኘው እኔው ነኝ።

ኅዳር ውስጥ አንድ እሁድ ጎሕ ሲቀድ ስልኬ ጮኸ። እሳቸው ናቸው።

«ልጄ፣ ተነሳሽ? እስቲ ቤቴ ብቅ በይ። ቦሌ ሚካኤል።»

«ምነው ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?»

«ኧረ እኔ ደህና ነኝ። ዝም ብለሽ ነይ።»

በአገራችን ሽማግሌ በማለዳ ደውሎ፣ ድምፁን አለስልሶ፣ «ዝም ብለሽ ነይ» ሲል አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። እናቴ ጋ ደወልኩ፤ ስልኳ ዝግ ነው። እንደገና ደወልኩ፤ ዝግ ነው። መምህሬ ስለ እናቴ ከየት ሰሙ ብዬ አልጠየቅሁም፤ የደነገጠ ሰው አያሰላም። ዘመዶቼ የሚያረዳኝ ሰው አፈላልገው እሳቸውን አግኝተው ነው ብዬ ደመደምኩ። ጥቁር ቀሚስ አጥልቄ፣ ነጠላ አጣፍቼ ራይድ ጠራሁ። ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝና ያሰማ የነበረውን ዘፈን ዘጋልኝ። ቦሌ ሚካኤል ስንደርስ ሊያርፍ የመጣ አውሮፕላን ጣሪያዎቹን ሊነካ ደርሶ በላያችን አለፈ። እኔ ስለ እናቴ ቀብር፣ ማን ከማን ጋር ደብረ ብርሃን እንደሚሄድ አስብ ነበር።

ቤታቸው ከአንድ የበርና መስኮት ብየዳ ቤት ጀርባ ነው። ስገባ ወንበሮቹ በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል። አንድ ጋቢ የለበሱ አዛውንት ተቀምጠዋል፤ አወቅኋቸው፣ የመምህሬ የድሮ ባልደረባ፣ የሒሳብ መምህር የነበሩ ናቸው። ከአጠገባቸው አንዲት የጎረቤት እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። የነጠላውን ጥለት ሳይ በሩን ይዤ ቆምኩ።

«ቁጭ በይ። መጀመሪያ ቅመሺ» አሉኝ መምህሬ። ፍርፍር ቀረበ። ይህንንም አውቀዋለሁ፤ መርዶ የሚነገረው ሰው ኋላ እህል ስለማይወርድለት አስቀድሞ ይበላል። አንድ ጉርሻ ጎረስኩ።

«እናቴ ናት?» አልኩ።

«እናትሽ ምን ሆኑ?» አሉ ደንግጠው።

ተያየን። ከዚያ ተነስተው ቆሙ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ እንግዲህ ሰው ነን፤ ምን ይደረጋል። ቲዎሪው… አልቋል። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ሕጉ ይፈርሳል። እሳቸውም አይተውታል» ብለው ወደ ሒሳብ መምህሩ ጠቆሙ። እሳቸውም በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ።

ልቅሶዬ ገነፈለ። እናቴ አለች! ያለቀስኩት ለዚያ ነው። እኚያ የጎረቤት እናት ግን ምልክት የተሰጣቸው መስሏቸው ደረታቸውን እየመቱ «ወይኔ ልጄን! እኔን ይድፋኝ!» ብለው ተነሱ። አቅፈውኝ ትንሽ አብረውኝ ካለቀሱ በኋላ፣ በትከሻዬ ላይ ሆነው ወደ ሒሳብ መምህሩ «ማን የሚባል ነው የሞተው? የነገረኝ የለም እኮ» ሲሉ ሰማሁ።

«ፕሮቶን የሚባል ነው» አሉ ሒሳብ መምህሩ። «ቶሎ መሞት ነበረበት፤ እምቢ አለ። ችግሩ እሱ ነው።»

«ውይ! ታዲያ እሰየው ነዋ!» አሉ እኚያ እናት።

እንባዬን ሳልጠርግ ሳቅሁ። ሳቁ ሲበርድ ግን ሁለተኛው ልቅሶ መጣ፤ ይኼኛው የቲዎሪው ነው። ክረምቱን ሙሉ ብቻዬን ይዤው የነበረ ሐዘን፣ ሰው ፊት ሲወጣ እንዲህ ይከብዳል ብዬ አላሰብኩም። ማንም «ይኼ ያስለቅሳል?» አላለኝም። መምህሬም፣ ባልደረባቸውም፣ ፕሮቶን ምን እንደሆነ የማያውቁት እናትም፣ እስኪወጣልኝ አጠገቤ ተቀመጡ። መሀል ላይ እናቴ ከቅዳሴ ወጥታ ደወለች። «ደውለሽ ነበር እንዴ?» አለችኝ። ድምፅሽን ፈልጌ ነው አልኳት።

ሁለቱ እንግዶች ተሰናብተው ሲወጡ ከመምህሬ ጋር ቀረን።

«አውቅ ነበር ጋሼ» አልኳቸው። «ከክረምት ጀምሮ።»

ሰሐኑን ከፊቴ አነሱ። «እኔ ከፋሲካ» አሉ።

ደሜ ፈላ። እኔ እሳቸውን ስደግፍ የከረምኩ መስሎኝ፣ ለካ የሚታዘንልኝ እኔ ነበርኩ። «ታዲያ ያን ሁሉ ቅዳሜ ምን ስንሠራ ነበር? ሕፃን ነኝ እንዴ? ለምን ያኔውኑ አልነገሩኝም?» ብዬ ጮኽኩባቸው። በሕይወቴ ታላቅ ሰው ላይ እንዲያ ጮኼ አላውቅም።

አልተቆጡም። ፍርፍር የተረፈበትን ሰሐን በእጃቸው እያዞሩ ቆዩ።

«መርዶ ለብቻ ሰው አይነገርም» አሉ። «ስትሰሚው አጠገብሽ የሚሆን የአንቺ ሰው ስፈልግልሽ ነው የከረምኩት። ኮሌጅሽ ድረስ ሄጄ፣ ጓደኛዋ ማን ናት ብዬ ጠየቅሁ፤ ‘ምሳም ብቻዋን ነው የምትበላው’ አሉኝ። ሰሚት መጥቼ ዘበኛውን ጠየቅሁት። ‘ሰው መጥቶባት አያውቅም’ አለኝ። ያንቺን ባጣ የራሴን ሰዎች ጠራሁ።»

ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። «ሰው አለኝ እኮ፣ በደንብ አልፈለጉም» ልላቸው አፌን ከፈትኩ። የማውቃቸውን ሁሉ በልቤ አንድ በአንድ ጠራሁ፤ እሁድ በማለዳ ተነስቶ አጠገቤ ሊቀመጥ የሚመጣ አላገኘሁም። ከውጭ የቤተክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ይሰማል። ፊት ለፊቴ እሳቸው ተቀምጠዋል፤ ጸጉራቸውን አላበጠሩም፣ የሸሚዛቸው ቁልፍ ተዛንፏል።

«እርስዎስ?» አልኳቸው።

«እኔማ መርዶ ነጋሪው ነኝ» አሉ። ያን ሁሉ ወር ሰው ሲፈልጉልኝ፣ ራሳቸውን ከሰዎቼ ቆጥረው አያውቁም።